ቤትና ጤና፦ ውሃው በምን ይሙቅ? ቤቱስ?

«ልጄ፣ ወንድሜ ቦይለር ግዢ ይለኛል፤ ጎረቤቴ ደግሞ ከሰል ይበቃሻል ትለኛለች። አንተ የተማርክ ነህ፣ የማንን ልስማ?» ብለው አንዲት እናት ከትምህርት በኋላ ጠየቁኝ። እኔም «እትዬ፣ መጀመሪያ ይንገሩኝ፤ በቀን ስንት ባልዲ ሙቅ ውሃ ይፈልጋሉ?» አልኳቸው። «እሱን ማን ቆጥሮት!» ብለው ሳቁ። እንግዲህ ዛሬ አብረን እንቁጠረው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ቤት ማሞቅ ሌላ፣ ውሃ ማሞቅ ሌላ ነው። በአውሮፓ ክረምቱ በረዶ ስለሆነ ውሃ በትልቅ ማሞቂያ ያሞቁና በቧንቧ በየክፍሉ ያዞሩታል። ባሕር ዳር ግን እንዲህ ያለ ነገር አያስፈልጋትም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ቀኑ ሙቀት ነው። ብርድ የምንለው ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ሌሊት ነው። ያም ቢሆን እንደ ደብረ ታቦር አይደለም። የቆርቆሮ ጣራ ቀን የወሰደውን ሙቀት ሌሊት ቶሎ ይሰደዋል። ስለዚህ ኮርኒስ መወጠር፣ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ መድፈን፣ ጋቢ መደረብ ይበቃል። ለዚህ ገንዘብ አታውጡ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ብዙ ቤት ሌሊት ሲበርድ፣ በተለይ አራስ ካለች፣ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ሆኗል፣ ምን ያደርጋል?» ይባላል። ያደርጋል! ሰው የሚገድለው እኮ የሚታየው ጭስ አይደለም። ከፍሙ የሚወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ። መልክ የለውም፣ ሽታ የለውም። በደማችን ውስጥ የንጹሕ አየርን ቦታ ይይዛል። ሰውዬው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ተኝቶ ከሆነ ደግሞ ሳይነቃ ይቀራል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ሰው «ሰይጣን መታቸው» ይላል። ሰይጣን አልመታቸውም፤ ምድጃው ነው። በሩን ትንሽ ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። በሩን በጨርቅ በደፈናችሁበት ቤት ደግሞ አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ፍም ያለበት ምድጃ ሰው በተኛበት ክፍል ፈጽሞ አይደር። አራሷንና ሕፃኑን በልብስ አሙቋቸው። ፔርሙዝ ውስጥ ሙቅ ውሃ አሳድሩላት፤ ሌሊት እሳት ማንደድ አያስፈልግም።

በከሰል የታፈነ ሰው ካገኛችሁ በርና መስኮት ክፈቱ፤ ሰውዬውን ቶሎ ወደ ደጅ አውጡት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውሃ አትጋቱ፤ ትን ይለዋል።

የእንጨት ጭስም ቀስ እያለ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ከነዚህ ውስጥ ሕፃናትም አሉበት። እናት ስታበስል ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅም እኩል ይተነፍሳላ!

አሁን እንቁጠር። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ነው። ለገላ የሚሆን ሙቀት 40 ዲግሪ ገደማ ነው፤ መፍላት የለበትም። (ባሕር ዳር ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፍታ ስለሆነ ነው።) አንድ ጀሪካን ውሃ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ቆጣሪው ላይ ግማሽ ቁጥር ማለት ነው። የክፍያ ወረቀታችሁን አውጡና የአንዱን ቁጥር ዋጋ ፈልጉ። ከዚያ ከሰሉን አስሉ፤ ጆንያው የተገዛበትን ቀን ግድግዳ ላይ ጻፉ፣ ያለቀበትንም ጻፉ፣ ዋጋውን ለቀኑ ቁጥር አካፍሉ። ማካፈል የተማርነው ለዚህ አይደል? ብዙ ሰው ከሰል ርካሽ የሚመስለው በጥቂት በጥቂቱ ስለሚገዛው ነው።

ከሰል ሌላም ዋጋ አለው። በልማዱ አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ስድስት ሰባት ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። እንጨት በታንኳ ከሐይቁ ዳር ሲመጣ ያየ ሰው ዛፉ ከየት እንደሚሄድ ያውቃል። ኩበቱም ቢሆን ማሳ ላይ ቢበተን ፍግ ነበር። ከእሳት ሌላ ለሌለው ቤት ግን «እሳት ተው» ማለት ወሬ ነው። እሱ እሳቱን ያሻሽል። በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲተያይ እንጨቱን ወደ ግማሽ ይቀንሳል። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ ውጪው ቆርቆሮ ውስጡ ሸክላ ነው፤ ከሰሉን በሩብ ያህል ይቆጥባል። እንጨቱ ተፈልጦ ይድረቅ፤ እርጥብ እንጨት ሙቀቱን ራሱን ለማድረቅ ይጨርሰዋል። ድስቱም ይከደን።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንሂድ። ጢስ ዓባይ ላይ የመጀመሪያው ማመንጫ ሥራ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ነው፤ ጣና በለስ በ2010 ተመረቀ፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ በ2025። የዓባይ ውሃ ከደጃችን ተነሥቶ ብርሃን ይሆናል። ማመንጫው ቀረበ ማለት ግን ቤታችን መብራት አይጠፋም ማለት አይደለም፤ ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ያስገባ ሰውም አንድ ምድጃ ያስቀምጥ።

ቦይለር ሁለት ዓይነት ነው። ባለ በርሜሉ ውሃ አሙቆ ያቆያል። 50 ሊትሩን 60 ዲግሪ ለማድረስ ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ከምናምን ይፈጃል። ቀኑን ሙሉ ከበራ ሙቀቱ በከንቱ ያልቃል፤ ከመታጠባችሁ በፊት አብሩት። ሁለተኛው ሻወሩ አፍ ላይ ወዲያው የሚያሞቀው ነው። እሱ እንደ እንጀራ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩልና ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ ይስባል። ከምጣዱ ጋር አብሮ አይበራ፤ ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ቤት ያቃጥላል። ሁለቱም የመሬት ሽቦ ሊኖራቸው ይገባል። «ያለሱም ይሠራል» የሚል ኤሌክትሪሻን ከመጣ አመስግናችሁ ሸኙት። ባልዲ ውስጥ የሚነከረውን ማሞቂያ ሳትነቅሉ እጃችሁን ውሃው ውስጥ አትክተቱ። ሕፃን ስታጥቡ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን፣ ቀጥሎ ሙቁን ጨምሩ፤ በክርናችሁም ለኩት።

ለእኔ ግን ለባሕር ዳር የሚስማማት ፀሐይ ናት። ጥቁር ቀለም የተቀባ በርሜል ፀሐይ ላይ ሲውል ወደ ማታ ለገላ የሚሆን ውሃ ይሰጣል። የሚገዛው ባለ ብርጭቆ ቱቦ ማሞቂያ የበለጠ ያሞቃል፤ መነሻ ዋጋው ከበድ ይላል እንጂ ቆጣሪ አያስቆጥርም። ፊቱ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘንብል። ሐምሌና ነሐሴ ይለግማል፣ ደመና ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከበላዩ ሮቶ ያስፈልገዋል። ክብደቱንም አስቡ፤ 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው። የጭቃ ቤት ጣራ አይችለውም፤ ግቢው ውስጥ ጠንካራ መቆሚያ ይሠራለት። በአንድ ግቢ አራት አምስት ተከራይ ካለ በዕቁብ ገንዘብ አንድ ገዝቶ በተራ መታጠብ ይቻላል፤ ከባለቤቱ ጋር ግን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ፣ ስትለቁ ማን እንደሚወስደው።