መርዶው ከፖስቱ በፊት

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሸኖ ላይ እናቴ ቅቤ ትገዛለች፣ ደብረ ሲና ላይ አባቴ ቆሎ ይገዛል፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ እኛ ልጆቹ ሹራባችንን አውልቀን «ሞቀን» እያልን እንነጫነጫለን። ባለፈው ስንሄድ ግን መኪናው ውስጥ ከሞተሩ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። አጎቴን ቀብረን፣ ሰልስቱን አሳልፈን፣ ለታላቅ እህቱ መርዶ ልንነግር ነበር የምንሄደው።

አክስታችንን ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። የሚኖሩት ከደሴ አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኃይቅ ከተማ ነው። ደም ግፊት አለባቸው። ወንድማቸው ሆስፒታል መግባቱን እንጂ ማረፉን አልሰሙም። የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው መከሩና «በስልክ ከሰማች መንገድ ላይ ትወድቅብናለች፣ ሄደን እንንገራት» አሉ። ስለዚህ ለሦስት ቀን አንድ ትልቅ ዘመድ አዝማድ አፉን ዘጋ። አፉን ብቻ! ስልኩን መዝጋት ለማንም ትዝ አላለውም።

እውነቱን ለመናገር፣ ይሄ መርዶ የመደበቅ ነገር ድሮ ያናድደኝ ነበር። ሰው የገዛ ሐዘኑን ለማወቅ ፈቃድ ያስፈልገዋል እንዴ? እል ነበር። የሞተን ሰው «በጣም ታሟል፣ ቶሎ ድረስ» ብሎ ማስጠራት፣ ተማሪን «ፈተናውን ይጨርስ» እያሉ ወራት ማሳለፍ አሁንም አይዋጥልኝም። ግን መርዶ ከመደበቅ ሌላ የራሱ ሥርዓት እንዳለው ያኔ አልገባኝም ነበር። መርዶ በማለዳ ይነገራል፤ ሰውየው እንቅልፉን ከተኛ በኋላ፣ ከቤቱ ሳይወጣ። አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ አይናገርም። ጎረቤት ቀድሞ ይነገረዋል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ አንዱ ውኃ ይይዛል፣ አንዷ ከጎን ትቀመጣለች፣ ትልቅ ሰው አፉን ይከፍታል። ይህ ሁሉ ዝግጅት ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው።

ደብረ ብርሃንን አልፈን ወደ ጣርማ በር ስንቃረብ ጉም ሸፈነን። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጉሙ አዲስ ነገር አይደለም። አባቴ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ይነዳል። ስልኬ ነዘረ። ታግ ተደርጌያለሁ። ከፈትኩት። የአጎቴ ፎቶ፣ ከሥሩ ሻማ፣ ከሻማው ሥር «እንደ አባት ያሳደግከኝ አጎቴ፣ ሳልቀብርህ ቀረሁ» የሚል ጽሑፍ። የለጠፈችው የእትዬ ልጅ ናት፣ ከሪያድ። ከ80 በላይ ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎበታል። አንዱማ «እናትሽ እንዴት ሆኑ?» ብሎ ጠይቋል።

እጄ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ራሳቸው ፌስቡክ አይከፍቱም፤ ልጃቸው የላከችላቸውን ስልክ የሚጠቀሙት ማታ ማታ በኢሞ እሷን ለማየት ብቻ ነው። ግን ኃይቅ ትንሽ ከተማ ናት። አንዲት ጎረቤት ካየች በሩን አንኳኩታ «እትዬ፣ እግዜር ያጥናዎ» ለማለት አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም። እኛ ደግሞ ገና ግማሹን መንገድ እንኳ አልጨረስንም።

ደወልኩላት። ስታነሣ ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር። «ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ማንም። የጓደኛዬ ስታተስ ላይ ፎቶውን አየሁት። ሰሃን እያጠብኩ።»

ዝም አልኩ።

«አጠፋዋለሁ» አለች። «ግን እኔስ ማን ጋ ላልቅስ?»

መልስ ሳልሰጣት ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ የፈለፈሉት ዋሻ ውስጥ ገባንና መስመሩ ተቋረጠ። ከዋሻው ወዲያ ስንወጣ መልሼ ደወልኩ። ፖስቱን አጥፍታዋለች። «ዛሬ ማታ ለእማዬ ልደውል? ድምፄን ከሰማች ታውቃለች» አለችኝ። «አትደውዪ» አልኳት። አጎቴ ቤት ሆና ነው አዲስ አበባ የተማረችው፤ ከሁላችንም በላይ የእሷ አባት ነበር። ለእናቷ አንድ መኪና ሙሉ ሰው ቀኑን ሙሉ ይነዳል፤ ለእሷ ግን አንድ ሰው ስልክ አላነሣም። «ሩቅ ናት፣ ምን ታደርጋለች» ብለን መሰለኝ። ወይም ጭራሽ አላሰብናትም። ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም።

ደብረ ሲና ላይ አባቴ በልማድ መኪናውን አቆመና ቆሎ ገዛ። ፌስታሉን ይዞ ገብቶ «ለእትዬ» አለ። ከዚያ ምን እንዳለ ራሱ ገባው። መርዶ ይዞ የሚሄድ ሰው የመንገድ ስጦታ አይዝም። ቆሎውን ከወንበሩ ሥር አስገብቶ ሞተሩን አስነሣ፤ ማንም አልነካውም። ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ የቦርከና ሜዳ፣ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ የሐረጎ ዳገት። በሌላ ጊዜ ቪዲዮ የማነሣበት መንገድ ነው።

ደሴ አደርን። ኃይቅ በማታ ብንደርስ ሌሊቱ በእትዬ ላይ ይረዝም ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥተን ጎህ ሲቀድ ደረስን። አባቴ አስቀድሞ ደውሎላቸው ስለነበር ጎረቤቶቹ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጋቢውን ተከናንቦ አጥሩ ጥግ ቆሞ ይጠብቀናል። ወሎ ነውና ይህን የሚያደንቅ የለም።

በሩን የከፈተልን የእትዬ የልጅ ልጅ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እናቱ ሪያድ ስትሄድ አያቱ ጋ ነው የቀረው። ዓይኑ አብጧል። የእናቱን ፖስት ሳይጠፋ በፊት አይቶት ኖሯል። ከዚያ ምን እንዳደረገ ኋላ ነው የነገረን። የአያቱን ስልክ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ «ኔትወርክ የለም» አላቸው። ትምህርት ቤት አልሄደም። ወሬ ይዞ የሚመጣ ሰው ቀድሞ እንዳይገባ ሲመሽ ድረስ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ሌሊቱን እግራቸው ሥር ተኛ። ለአንድ ቀንና ለአንድ ሌሊት ብቻውን አዝኖ ብቻውን ጠበቀ። ማን አስተማረው? ስልኩ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ስልኩን እንዴት መያዝ እንዳለበት ከእኛ ከትልልቆቹ በላይ ያውቅ ነበር።

እትዬ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አባቴን አዩት፣ እናቴን አዩ፣ ከኋላችን የቆመውን ጎረቤት ቆጠሩት። «ልጄ ትናንት አልደወለችም» አሉ። «ይህ ልጅ ደግሞ ኔትወርክ የለም እያለ ከአጠገቤ አልነሣ አለ። አሁን እናንተ በሥራ ቀን መኪና ሙሉ ሆናችሁ መጣችሁ። በሉ ንገሩኝ፤ ወንድሜ ነው አይደል?»

አውቀውታል። ይህን ሁሉ ተጉዘን ልንነግራቸው የመጣነውን ነገር እሳቸው ነገሩን። እና ታዲያ ለምን ሄድን ትሉ ይሆናል። ሲወድቁ አምስት ሴቶች ያዟቸው፤ ለዚህ ነው የሄድነው። ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ለዚህ ነው የሄድነው። እሳቸው ደረታቸውን ሲመቱ አባቴ አብሮ ይመታ ነበር።

እንግዲህ እኔና እናንተ፣ ስልክ ከእጃችን የማይለይ ሰዎች፣ መርዶ ነጋሪ ሆነናል፤ የሾመን ባይኖርም። ሻማ ፕሮፋይል ላይ ስናደርግ መርዶ ነው። ፎቶ ለጥፈን ሁለት እጅ የተገናኘበት ኢሞጂ ስንደረድር መርዶ ነው። የመኪና አደጋ ደርሶ ታርጋው እየታየ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ስንጥልማ፣ ያንን ታርጋ የሚያውቅ ሚስት ወይም ልጅ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሊያየው እንደሚችል እንረሳለን። ሐዘናችሁን አትጻፉ አልልም። ግን ከመለጠፋችሁ በፊት ለቤተሰቡ ደውላችሁ «ያልሰማ ሰው አለ?» በሉ። «ነፍስ ይማር» ነገ ቢጻፍ የሚጎዳው የለም። ከእኛ ቀድሞ ሌላ ሰው ቢለጥፈውስ? ይለጥፈው! የውድድር ነገር አይደለም።

ሩቅ ያሉትን ደግሞ በሥርዓቱ እናርዳቸው። አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችን ይህን ያውቁበታል፤ ጓደኞች ተጠራርተው ከሥራ በፊት ተሰብስበው በማለዳ በር ያንኳኳሉ። ዓረብ አገር በሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ ይህ ከባድ ነው፤ በሩ የእሷ አይደለም። ቢሆንም አንዲት የምትቀርባት የአገሯ ልጅ አትጠፋም። እሷን ፈልጎ «ቀድመሽ ደውዪላት፣ ከቻልሽም ሂጂላት» ማለት ይቻላል። እኛ አላደረግነውም። ለአክስቴ ልጅ የነገራት ስታተስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እኔ ደውዬ ያቺን የመጨረሻ መተንፈሻዋን አጥፊ አልኳት። ለእትዬ ስል ዛሬም አጥፊ እላት ነበር፤ ግን መጀመሪያ ከእሷ ጋር አለቅስ ነበር።

ረፋድ ላይ፣ ድንኳኑ ከተጣለ በኋላ፣ ልጁ ስልኩን ከኤሮፕሌን ሞድ አወጣና በኢሞ ለእናቱ ደወለ። እሷም የምትጠብቀው ይመስል ወዲያው አነሣች። አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት መታጠቢያ ቤት ገብታ ተቆልፋለች፤ ከጀርባዋ ነጭ ሸክላ ይታያል። እትዬ ስልኩን ሊይዙ አልቻሉም። ልጁ መሐላቸው ቆሞ ያዘላቸው። እናትና ልጅ እየተያዩ አለቀሱ፤ ለቅሶ የመጡት ሴቶችም ወደ ስክሪኑ እየተጠጉ «አይዞሽ፣ አልቅሺ፣ አለንልሽ» አሏት። አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ልጁ ክንዱ ሲዝል ስልኩን ወደ ሌላኛው እጁ ያዛውራል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይመልሰዋል።