መተማን በጥቅምት ቁጠሯት

የመተማ ዮሐንስ ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ምድር መሆኗን ነው። ክብሩ ይገባታል። ነገር ግን በዚያች የጠረፍ ከተማ በነርስነት ለዓመታት ስላገለገልኩ፣ ስለሞቱባት የምናወራውን ያህል ስለሚኖሩባትም እንድናወራ እፈልጋለሁ። ስንት ሰው ይኖርባታል ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የለንም፤ በዚህም ሰው ይጎዳል።

የመተማ ሕዝብ ከጥንትም በመንገደኛ የተሠራ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገበያዋን ያደመቁት ተክሩሮች፣ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ለሐጅ ወጥተው በዚያው የቀሩ ሙስሊሞች ነበሩ። ሼካቸው ለግብፅም ለሐበሻም ይገብር ነበር። ከደጋ የወረደው ቡናና ሰም እዚያ ይሸጥ ነበር፤ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ድንበር ሲዋዋሉ ጎረቤቷ ገላባት ወዲያ ወደ ሱዳን፣ መተማ ወዲህ ሆኑ። ሕዝቡ ግን መሻገሩን አልተወም። በ2015 ዓ.ም. ካርቱም በጦርነት ስትታመስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነፍሳቸውን ይዘው የገቡት በዚሁ በር ነው።

ዛሬም ከጉሙዙ፣ ከቅማንቱና ከአማራው ነባር ነዋሪ ጋር በሠፈራ የመጣው ወሎዬ አብሮ ይኖራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰሊጥ የሚጠራው የጉልበት ሠራተኛ አለ። ከደንቢያ፣ ከበለሳ፣ ከጎጃም ለአረም በክረምት ይወርዳል፤ አጨዳው በመስከረምና በጥቅምት ይደርሳል። አገሩ ሳይመለስ ዓመት ከዓመት በየእርሻው የሚከርመው ሳሉግ ይባላል፤ እሱን በነዋሪነት የመዘገበ ቀበሌ ማግኘት ከባድ ነው።

የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ በአማራ ክልል የተካሄደው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ነው። በግንቦት የመተማ እርሻ ገና ዝናብ ይጠብቃል፤ አራሚውም አጫጁም በየአገሩ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የያዘው ሥራ የሌለባትን መተማ ነው። እኛ ጤና ጣቢያ የምናክመው ግን በጥቅምት ያለችውን መተማ ነበር።

ያ ወር የወባ ወር ነው። አጫጁ ሜዳ ላይ ያለ አጎበር ያድራል፤ የአሸዋ ዝንብ ካላዛርን የምትሰጠው እንዲህ ላለው ነው። ደገኛ ስለሆነ ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም። ጣፊያው አብጦ፣ ሥጋው አልቆ ይመጣል። የካላዛር መርፌ በየቀኑ እየተወጋ 17 ቀን ይፈጃል። ለነዋሪው ተብሎ የተመደበ መድኃኒትና አልጋ ለዚህ ሁሉ እንግዳ አይበቃም። መድኃኒት አልቆ ሰው የመለስንባቸው ቀናት ነበሩ፤ የተመለሱት የሰሊጡን የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኙ እጆች ነበሩ።

የምጠይቀው ግልጽ ነው። ቀጣዩ ቆጠራ በየትኛውም ወር ይሁን፣ መተማና መሰል የጠረፍ ወረዳዎች በአጨዳ ወቅት ለብቻቸው ይቆጠሩ። የመድኃኒት፣ የአጎበርና የውኃ በጀታቸውም በዚያ ቁጥር ይመደብ። የእርሻ ባለሀብቶች የሠራተኞቻቸውን ስምና የመጡበትን ወረዳ ለጤና ጽሕፈት ቤት እንዲያስመዘግቡ ይገደዱ። ይህን ለማድረግ አዲስ ከተማ መገንባት አያስፈልግም፤ በዚያች ምድር ላይ የሚያድረውን ሁሉ ሰው ብሎ መቁጠር ይበቃል።