የሒሳብ የቤት ሥራና ስልኩ
በሲቀላም ሆነ በሴቻ ሰፈር፣ ስልክ ያለው የአርባ ምንጭ ተማሪ የሒሳብ ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ መልሱን ከነአሠራሩ ወዲያው ያገኛል፤ ስልክ የሌለውም ጠዋት ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል። ታዲያ የቤት ሥራ ይቅር? በፍጹም! መቅረት ያለበት ለመልሱ ብቻ ማርክ መስጠቱ ነው። ተደምረው 5፣ ተባዝተው 6 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮችን ፈልግ የተባለ ልጅ መጀመሪያ 1ን እና 6ን ይሞክራል፤ ብዜቱ ልክ ነው፣ ድምሩ ግን 7 ይመጣበታል። ይሰርዝና እንደገና ያስባል፤ 2ን እና 3ን የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የምሳሳው ለዚያ ለተሰረዘው መስመር ነው፤ ልጁ ሒሳብ የተማረው እዚያ ላይ ነውና። ይህ ትምህርት ሲጎድል ፈተና ላይ ይታወቃል፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ አርባ ምንጭን ጨምሮ፣ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3ቱ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ ሁሉ የኩረጃ ነው አልልም፤ የመምህርና የመጻሕፍት ጉዳይም አለበት። ግን በሰው መልስ ዓመቱን የገፋ ተማሪ ብቻውን ሲቀመጥ ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም አየን። ስለዚህ መምህራን ሃያ ጥያቄ ከሚሰጡ ሦስት ይስጡ፤ በማግስቱም ጥቂት ልጆችን ሰሌዳ ላይ አውጥተው «እንዴት አገኘኸው? አስረዳን» ይበሉ። አንዷ ጥያቄ ደግሞ ከሰፈራቸው ትምጣ፦ አንድ ኪሎ ሙዝ ከገበሬው ማሳ በስንት ተነሣ፣ ሲቀላ ገበያ ላይ በስንት ተሸጠ፣ ጭማሪው ከመቶ ስንት ነው? ለዚህ ልጁ መጀመሪያ ገበሬውንና ነጋዴዋን ሄዶ መጠየቅ አለበት።