ቁልፍ ቃል ስንት ጊዜ ይደገም? የደብረ ብርሃንና የአንኮበር ስሞች እንደ ማሳያ

ለድረ ገጽ የሚጽፍ ሰው ዘወትር የሚሰጠው አንድ ምክር አለ፤ በመፈለጊያ ሞተር ውጤት ቀድሞ ለመታየት ቁልፍ ቃልን ደጋግሞ መጻፍ ያስፈልጋል የሚል። አንዳንዱ መካሪ ከመቶ ቃላት ሁለቱ ወይም ሦስቱ ቁልፍ ቃል ይሁኑ እስከ ማለት ይደርሳል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ቆጠራ አሳሳች ነው የሚል ነው። ቃሉ የተጻፈበት ቅርጽና አብረውት ያሉት ቃላት ከድግግሞሹ ብዛት ይበልጣሉ።

የድግግሞሽ ጣሪያ

ምክሩ መነሻ አልባ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሃንስ ፒተር ሉን የቃላት ድግግሞሽ የጽሑፍን ጉዳይ ሊጠቁም እንደሚችል አሳይተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ካረን ስፓርክ ጆንስ የቃሉ ክብደት በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ ባለው ብርቅነትም መለካት እንዳለበት አመለከቱ። ከዚያ ወዲህ የዳበረው ቢኤም25 የተሰኘ ቀመር ደግሞ ለድግግሞሽ ጣሪያ አበጀለት። የጽሑፉ ርዝመት ለጊዜው ወደ ጎን ተትቶ፣ የድግግሞሽ መቆጣጠሪያው ቁጥር እንደተለመደው 1.2 ቢሆን፣ አንድ ጊዜ የተጻፈ ቃል 1 ነጥብ ያገኛል፤ ሁለት ጊዜ ሲጻፍ 1.38፣ አምስት ጊዜ 1.77፣ አሥር ጊዜ 1.96፣ ሃያ ጊዜ 2.08። ሺህ ጊዜ ቢደገም እንኳ 2.2 አይሞላም። ርዝመት በስሌቱ ሲገባ ደግሞ ለማስረዘም ብቻ የተጨመረ ዓረፍተ ነገር በገጹ ያሉትን የሌሎች ቃላት ነጥብ ይቀንሳል። የዛሬዎቹ ሞተሮች ከዚህ ቀመር እጅግ የረቀቁ ናቸው፤ ጉግልም ያለ ተፈጥሯዊ አግባቡ የሚደረግ የቃላት ድግግሞሽን በይፋ ደንቡ ከማጭበርበር ይቆጥረዋል።

የአማርኛ ልዩ ጠባይ

በአማርኛ ቆጠራው ራሱ አስቸጋሪ ነው። ስለ አንኮበር በተጻፈ አንድ ገጽ ላይ «በአንኮበር»፣ «የአንኮበር»፣ «ከአንኮበርም»፣ «አንኮበርን» የሚሉ ቃላት ሊኖሩ ይችላሉ። አንባቢ አራት ጊዜ አንኮበርን አንብቧል፤ ቅጥያ የማይለይ ቆጣሪ ግን «አንኮበር» የሚለውን አንድም ጊዜ አላገኘም። ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት እ.ኤ.አ. በ2002 የአማርኛ ቃላትን ወደ ግንዳቸው የሚመልስ ዘዴ ያቀረቡት ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «ብርሃን» ውስጥ ያለው ድምፅ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል። «ደብረ» እና «ብርሃን» ተለያይተው ወይም ተጋጥመው መጻፋቸው ሲታከልበት የአንዲት ከተማ ስም አሥራ ሁለት መልክ ያገኛል። ሁሉንም በአንድ ገጽ መደርደር ለፈላጊው የሚያመች ይመስላል፤ ነገር ግን ገጹን የስሕተት ዝርዝር ያደርገዋል። ሞክሼዎቹን በማውጫውም በፈላጊው ጥያቄም ላይ ወደ አንድ መልክ ማምጣት የፍለጋ ሥርዓቱ ኃላፊነት ነው። የጸሐፊው ድርሻ አንድ አጻጻፍ መርጦ መጽናት ነው።

ሦስተኛው የስሞች መመሳሰል ነው። ደብረ ብርሃን የሰሜን ሸዋ ከተማ ናት፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን በጎንደር የሚገኝ ታዋቂ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞንም በአማራ ክልል አለ፤ በኦሮሚያ ክልልም ፍቼን መቀመጫው ያደረገ አለ። «ሰሜን ሸዋ» ሃያ ጊዜ ቢጻፍ ይህን ብዥታ አያጠራም፤ «አንኮበር» ወይም «መንዝ» አንድ ጊዜ አጠገቡ ቢጻፍ ግን ያጠራዋል። የአንኮበርን ታሪክ የሚያነሣ ገጽም የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ስም፣ የምኒልክን ቤተ መንግሥት፣ ከደብረ ብርሃን የሚወስደውን መንገድ በየቦታው ቢጠቅስ፣ ጉዳዩንም ይለያል፤ በእነዚህ ቃላት የሚፈልጉትንም ያገኛል።

በአማርኛ የተጻፉ ገጾች ጥቂት ስለሆኑ ድግግሞሽ እዚህ ይሠራል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ይህ ሐሳብ ራሱን ያፈርሳል። ተወዳዳሪ ጥቂት በሆነበት ስፍራ ቃሉ በገጹ ላይ መገኘቱ ብዙውን ሥራ ይሠራል፤ የሚጎድለው መረጃው ነው። የእንግዳ ማረፊያ የሚፈልግ መንገደኛ ስሙ አሥር ጊዜ በተደገመበት ገጽ ላይ ዋጋውንና ቦታውን ካላገኘ ተመልሶ ይወጣል።

ማጠቃለያ

የብራና ጸሐፍት ዋናውን ስም ለማጉላት መክፈቻውን መስመርና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር፤ ጉልህነትን ያገኙት በቦታና በቀለም ነው። የድረ ገጽ ጸሐፊም ቁልፍ ቃሉን ያለ ቅጥያ አንድ ጊዜ በርዕሱ፣ አንድ ጊዜ በመክፈቻው ዓረፍተ ነገር ካስቀመጠ በኋላ ቀሪውን ለጉዳዩ ቢተው ይበቃዋል። የቀረው ሥራ የተመራማሪዎች ነው፤ የቅጥያ መለያ፣ የሞክሼ ፊደላት ማስተካከያና ከአካባቢው ጽሑፎች የተሰበሰበ የፍለጋ መፈተኛ ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚመጥኑ ርዕሶች ናቸው። እነዚህ እስኪሟሉ ድረስ ጸሐፊውን ደጋግመህ ጻፍ ማለት የመሣሪያውን ጉድለት በአንባቢው ትዕግሥት መክፈል ነው።