የተረፈው አይረን የት ይሄዳል?

ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝ ከዘመድ ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች አንዱ “የአይረን ኪኒን ላክልን” የሚል ነው። እኛም በስደት አገር ጥብስና ክትፎውን የምናዘወትረው “ደም ይሆነናል” ብለን ነው። አባባሉ እውነትነት አለው፤ በቀይ ሥጋ ውስጥ ያለው ሄም የተባለው አይረን በቀላሉ ወደ ደም ይገባል።

ሆኖም ከምንበላው አይረን አብዛኛው ሳይመጠጥ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ የሚኖሩ እንደ ኢኮላይ ያሉ ባክቴሪያዎች አይረን ሲያገኙ ይበረታሉ፤ ጠቃሚዎቹ ላክቶባሲለሶች ግን እምብዛም አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ትርፉ ሚዛኑን ሊያዛባ ይችላል። በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሄም የበሉት አይጦች የአንጀት ሴሎቻቸው ከመጠን በላይ ተባዝተዋል፤ ባክቴሪያዎቹ በአንቲባዮቲክ ሲመቱ ግን ይህ አልታየም። አይጥ ሰው ባይሆንም፣ ባክቴሪያዎቹ በጉዳዩ እጃቸው እንዳለበት ይጠቁማል።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ሞርታዴላና ቋሊማ ያሉ የተቀነባበሩ ሥጋዎችን ካንሰር አምጪ፣ ቀይ ሥጋን ደግሞ ካንሰር የማምጣት ዕድል ያለው ብሎ መድቧል። ይህ ማለት ሥጋ አትንኩ ማለት አይደለም። የበሰለ ቀይ ሥጋ በሳምንት ከ500 ግራም ባይበልጥ ይመከራል። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ደግሞ በፋይበር የበለጸጉ ናቸው፤ ባክቴሪያዎች ፋይበሩን የአንጀት ሴሎችን ወደሚመግብ ቡቲሬት ይለውጡታል።

አሁን ወደ ኪኒኑ ልመለስ። እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። በሥራችን ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ደጋግሞ ሲመጣ ድምፁን ማጥፋት መፍትሔ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። የደም ማነስም እንደዚሁ ነው። በተለይ በወንዶችና የወር አበባቸው በቆመ ሴቶች ላይ የአይረን እጥረት ሲገኝ፣ ከአንጀት ዕጢ ቀስ በቀስ የሚፈስ፣ በዓይን የማይታይ ደም ሊሆን ይችላል። ኪኒኑ የደሙን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ ዕጢውን ግን አይነካውም።

ሐኪም ያዘዘውን ኪኒን አታቋርጡ። ነገር ግን “ደሙ በየት በኩል እየሄደ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። በአሜሪካ የትልቁ አንጀት ምርመራ ምልክት ለሌለውም ሰው ከ45 ዓመት ጀምሮ ይመከራል፤ በሰገራ ወይም በኮሎኖስኮፒ ይደረጋል። ለእናትና አባታችሁ ኪኒን ስትልኩም፣ አስቀድማችሁ ደውሉና ምክንያቱ ተመርምሮ እንደሆነ ጠይቁ።