አባ ሄሬጋና የሒሳብ መምህር

በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ከሚሰጡት የሒሳብ ትምህርቶች አንዱ፥ ብዙ ነገርን አንድ በአንድ ሳይዘረዝሩ የመቍጠር ትምህርት ነው። ይኸውም በሦስት ይከፈላል። ፐርሙቴሽን የሚባለው፥ ቅደም ተከተል ሲጠበቅ ነገሮች በስንት ዐይነት ሊደረደሩ እንደሚችሉ ያስታውቃል። ኮምቢኔሽን የሚባለው፥ ቅደም ተከተሉ ሳይታሰብ ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቶቹ በስንት ዐይነት ሊመረጡ እንደሚችሉ ያስታውቃል። ባይኖሚያል ቴዎረም የሚባለው ደግሞ፥ የሁለት ቍጥሮች ድምር ብዙ ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚወጣውን ውጤት በእነዚሁ ምርጫዎች አማካይነት ይተነትናል። ነገሩ በስሙ ሲጠራ የከበደ ይመስላል፤ መነሻው ግን እረኛውም ነጋዴውም በየዕለቱ የሚያደርገው ሥራ ነው። ተማሪው ከዚህ መነሻ ሳይነሣ ቀመሩን ብቻ በቃሉ ይዞ ወደ ፈተና ስለሚቀርብ፥ ጥያቄው ጥቂት ዞር ያለ እንደ ሆነ መልሱ ይጠፋበታል።

ለዚህ ነገር ከሊበን የተሻለ ምሳሌ የሚሰጥ አገር ማግኘት ያስቸግራል። ሊበን ከድሬ ጋራ የቦረና ምድር ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፥ ከተማው ነገሌ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ባለው አገር ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ወደ ታች ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ ኦዶ የወረደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በቈላው የሰውና የከብት ኑሮ የተመሠረተው በውሃ ላይ ነው። በቦረናም ጥልቅ ጕድጓዶች፥ ይልቁንም ቱላ በሚባሉት ዘንድ፥ ከብት ውሃ የሚጠጣው በወረፋ ነው። ይህን ወረፋ የሚያዝዘው ሹም አባ ሄሬጋ ይባላል። ሄሬጋ ማለት በኦሮምኛ ቍጥር ወይም ሒሳብ ማለት ነው፤ በኦሮሚያ አንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች ልጆች የሚማሩት የሒሳብ ትምህርትም በዚሁ ስም ይጠራል። እንግዲህ የቦረና ልጅ ገና ጠመኔ ሳይነካ፥ በአገሩ የሒሳብ አባት ተብሎ የተሾመ ሰው እንዳለ ያውቃል ማለት ነው።

የዚህ ሹም ሥራ በትክክል ቢመረመር ፐርሙቴሽን ሆኖ ይገኛል። አምስት የከብት መንጋ በአንድ ማለዳ ወደ አንድ ጕድጓድ ቢደርስ፥ ፊተኛውን ለመምረጥ 5 መንገድ አለ፤ ፊተኛው ከታወቀ በኋላ ለሁለተኛው 4፥ ለሦስተኛው 3፥ ለአራተኛው 2 ይቀራል፤ የመጨረሻው ያለ ምርጫ ይገባል። 5 በ4፥ ደግሞ በ3፥ ደግሞ በ2 ሲባዛ 120 ይሆናል። መንጎቹ 10 ቢሆኑ ግን ወረፋው በ3,628,800 ዐይነት ሊደረደር ይችላል፤ በየቀኑ አንድ ዐይነት ወረፋ ቢሞከር ሁሉን ለመጨረስ ከ9,900 ዓመት በላይ ያስፈልጋል። አባ ሄሬጋ ይህን ሁሉ ሲፈትን አይውልም። ጕድጓዱን ያስቈፈረው ሰው፥ አባ ኮንፊ የሚባለው፥ ቀድሞ የማጠጣት መብት አለው፤ ለሌሎቹም እንደ ወገናቸውና እንደ ድርሻቸው ልማድ የወሰነላቸው ስፍራ አለ። ከአምስቱ የአንዱ ስፍራ በሕግ ሲወሰን 120 የነበረው ወደ 24 ይወርዳል፤ የሁለቱ ሲወሰን 6 ብቻ ይቀራል። ልማድ ጠብን የሚያበርደው ምርጫን በማሳነስ መሆኑን ከዚህ ይልቅ የሚያስረዳ ሒሳብ የለም። በበጋ ወራት ከወረፋው መጨረሻ የተመደበ ሰው ከብቱን እስከ ማታ በጥም ይዞ ስለሚጠብቅ፥ ቅደም ተከተል ማለት በዚያ አገር ባዶ ቃል አይደለም።

ከወረፋው ቀጥሎ ደግሞ ውሃ የማውጣቱ ሥራ አለ። ከጕድጓዱ በታች ጀምሮ እስከ ገንዳው ድረስ ጐልማሶች በየእርከኑ ቆመው እየዘፈኑ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብሉታል። ዘጠኝ ጐልማሶች ቢኖሩና የሚያስፈልጉት 4 ቢሆኑ፥ ማን በየትኛው እርከን ይቁም የሚል ጥያቄ ሲነሣ መልሱ 9 በ8፥ በ7፥ በ6 ተባዝቶ 3,024 ነው። የተጠየቀው ማን ማን ይውረድ የሚል ብቻ ከሆነ ግን፥ እነዚያው አራት ሰዎች እርስ በርሳቸው ስፍራ እየተለዋወጡ በ24 ዐይነት ስለ ተቈጠሩ፥ 3,024 ለ24 ተካፍሎ 126 ይሆናል። የፊተኛው ፐርሙቴሽን፥ የኋለኛው ኮምቢኔሽን ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ምልክቶች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ምሥጢር የላቸውም። ተማሪው መልመድ የሚገባው ዋናው ነገር፥ ጥያቄው በቀረበለት ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይቈጠራል ወይስ አይቈጠርም ብሎ ራሱን መጠየቅ ነው፤ ይህን ያወቀ ሰው ቀመሩ ቢረሳው እንኳ ራሱ ሊያወጣው ይችላል።

በክፍል ውስጥ የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱን ቀመሮች በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ከዚያ በኋላ ሦስት አራት ጥያቄ ተሠርቶ ምዕራፉ ይዘጋል። በዚህ ላይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን፥ ሄሬጋ የሚለው ቃል ከነትርጕሙ ከ8ኛ ክፍል በር ላይ ይቀራል። ልጁ በጕድጓዱ አፍ የሚያውቀውን ነገር በክፍል ውስጥ ሲያገኘው ፊቱ ይለወጥበታል። ቋንቋውን መለወጥ አይገባም ለማለት አይደለም፤ የዓለም ሳይንስ የሚነበብበትን ቋንቋ ማወቅ ግድ ነው። ነገር ግን መምህሩ አንዲት የመክፈቻ ሰዓት ለአባ ሄሬጋ ሰጥቶ ቢጀምር የሚከለክለው ሕግ የለም።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሊቃውንት ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ፊደል 33 ሆኖ እያንዳንዱ በ7 ይራባል፤ 33 በ7 231 ነው። ሕፃኑ ሀሁን በዜማ እስከ መጨረሻው ቢያወርደው የኔታ በዚህ ብቻ ዐወቀ አይሉትም። ከታች ወደ ላይ፥ ከቀኝ ወደ ግራ፥ ኋላም ከመካከል በስንደዶ እየነኩ ይጠይቁታል፤ በዜማው ብቻ የያዘው ልጅ በዚያን ጊዜ ይታወቃል። ለሒሳብም የሚያስፈልገው ልምምድ እንዲህ ያለው ነው። አንድ ዐይነት ጥያቄ ሃያ ጊዜ መሥራት ዜማን ያጠናል እንጂ ፊደልን አያስለይም።

ቀመር የሚለው ቃል ራሱ ከባሕረ ሐሳብ የተገኘ መሆኑን ማስታወስ ደስ ያሰኛል። ንኡስ ቀመር 19 ዓመት፥ ማዕከላዊ ቀመር 76 ዓመት፥ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው። ስለ ምን 532 ሆነ ተብሎ ቢጠየቅ፥ 4ቱ ወንጌላውያን በ7ቱ ዕለታት ተባዝተው 28፥ 28ም በ19 ተባዝቶ 532 ስለሚሆን ነው። ተማሪ ቤቱ የማባዛት ሕግ ብሎ በምዕራፉ መጀመሪያ የሚያስተምረው ይኸው ነው። እንዲያውም ከዚህ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መሄድ ይቻላል። ጾመ ነነዌ የሚገባው ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው፤ እነዚህም 35 ናቸው። 532 ዓመታት በ35 ቀናት ላይ ሲደለደሉ፥ እያንዳንዱ ቀን 15 ጊዜ ብቻ ቢደርሰው 525 ስለሚሆን 7 ዓመት ይተርፋል፤ ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ቀን 16 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መመለስ አለበት። ይህን ለማወቅ አንድም መጥቅዕ ማውጣት አላስፈለገም። የቦረናም የዘመን አቈጣጠር እንዲሁ ሒሳብ ነው፤ አስመሮም ለገሠ በ1973 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተሙት ገዳ በተባለው መጽሐፍ እንደ ገለጡት፥ 12 ወሮችና 27 የዕለታት ስሞች አሉት። ወሩ 29 ወይም 30 ቀን ስለ ሆነ፥ ወሩን የከፈቱት ስሞች በወሩ መጨረሻ ዳግመኛ ይመጣሉ። ይህን የሚያሰሉት ሊቃውንት አያንቱ ይባላሉ፤ ሠንጠረዣቸውም በቃላቸው ነው። በውጭውም ዓለም ቢሆን፥ የፓስካል ሦስት ማዕዘን እየተባለ የሚጠራው የባይኖሚያል ሠንጠረዥ ፓስካል በ1654 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስለ እርሱ ከመጻፉ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በፋርስና በቻይና የታወቀ ነበር።

ባይኖሚያሉ ለምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ የፈተናውን ወረቀት ራሱን ማየት ይበቃዋል። አራት አራት ምርጫ ያላቸው 10 ጥያቄዎች ቢቀርቡና ምንም የማያውቅ ሰው በግምት ቢሞላቸው፥ ወረቀቱ በ1,048,576 ዐይነት ሊሞላ ይችላል፤ 4 ዐሥር ጊዜ ተደርድሮ ሲባዛ ማለት ነው። አራቱን 1 እና 3 አድርጎ መክፈል ነው ብልኀቱ፤ 1 ትክክለኛው መልስ ነው፥ 3ቱ ስሕተቶች ናቸው። ልክ 5 ጥያቄ ለማግኘት፥ አምስቱ የትኞቹ እንደ ሆኑ በ252 ዐይነት ይመረጣል፤ የቀሩት አምስቱ እያንዳንዳቸው በ3 ዐይነት ስለሚሳሳቱ 243 ይሆናል፤ ሁለቱ ሲባዙ 61,236 ነው። የ6፥ የ7፥ የ8፥ የ9ና የ10 እንዲሁ ተቈጥሮ ሲጨመርበት 81,922 ይወጣል፤ ከመቶ 8 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ጥያቄዎቹ 20 ሲሆኑ ግን ገምቶ ግማሹን የማግኘት ዕድል ወደ ከመቶ 1.4 ይወርዳል። ጥያቄ በበዛ ቍጥር ግምት እየከሳ ይሄዳል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ናቸው። የነዚህ ቍጥሮች ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉን በአንድ ምዕራፍ ላይ መጫን አይገባም። ሆኖም በቃል ተይዞ የማይታወቅ ቀመር ለፈተናው ዕለት እንደማይደርስ ያስረዳሉ።

ጊዜ የለም የሚል መልስ ከመምህራን ዘንድ ይሰማል። እውነትም ነው፤ ይልቁንም በቈላው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ 5 የዝናም ወራት ተከታትለው በከሸፉ ጊዜ፥ በቦረናና በሊበን ከብት እንደ ቅጠል ረገፈ፤ ብዙ ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋራ ውሃና ሣር ፍለጋ ስለ ተሰደዱ ተማሪ ቤት ቀሩ። ሦስት ወር የቀረ ልጅ ሲመለስ ምዕራፉ አልፎ ያገኘዋል። ነገር ግን በቃል የተያዘ ቀመር ያመለጠው ልጅ ሁሉን ማጣቱ ነው፤ ከትንሽ ቍጥር ጀምሮ ዘርዝሮ መቍጠር የለመደ ልጅ ግን ያመለጠውን በራሱ እጅ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ የጊዜ ማነስ ቀመሩን ለማስቀደም ምክንያት አይሆንም።

ሊደረግ የሚገባው ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች የምዕራፉን የመጀመሪያ ጥያቄዎች ከካርታ ጨዋታና ከማያውቁት አገር ባንዲራ አንሥተው ከጕድጓድ ወረፋ፥ ከገበያ ቀንና ከባሕረ ሐሳብ ቢወስዱ መልካም ነው። በመምህራን ማሠልጠኛም ዕጩው መምህር 3 መንጋና 4 መንጋ በእጁ ዘርዝሮ፥ 6ና 24 ማግኘቱን በዓይኑ ካላየ በቀር የቀመሩ ምልክት ባይሰጠው ይሻላል። ፈተና አውጪዎችም በየክፍሉ ፈተና ላይ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ያለ ምርጫ አቅርበው፥ ተማሪው ቅደም ተከተሉ ስለ ምን እንደ ተቈጠረ ወይም እንዳልተቈጠረ በሁለት መስመር እንዲጽፍ ቢያዝዙ፥ የገመተው ካወቀው በአንድ ቀን ይለያል። በነገሌ ያለ የሒሳብ መምህርም ተማሪዎቹን ይዞ አንድ ማለዳ ወደ ጕድጓድ ለመውረድ ፈቃድ ሲጠይቅ፥ የተማሪ ቤቱ ሹም እንደ ሽርሽር ቈጥሮ አይከልክለው።