በቀን ሁለት ጊዜ ስፖርት መሥራት ለማን ይበጃል?

የምሥራቅ ሱዳን የእርሻ ማዕከል በሆነችው በገዳሪፍ ለስፖርት የሚመች ሰዓት እጅግ አጭር ነው። የከተማዪቱ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ስለዚህ ለሚሮጥም ሆነ ኳስ ለሚጫወት ወጣት የሚስማሙት ሰዓቶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ጎሕ ሲቀድ፣ ሁለተኛው ጀምበር ስታዘቀዝቅ። እንግዲህ በሁለቱም መጠቀም ይገባል የሚሉ አሉ። እንዲያውም ጧት የሠራ ሰው ማታ ካልደገመ ድካሙ ከንቱ ነው እስከ ማለት ይደርሳሉ። ይህ አባባል ለአንዱ ሰው እውነት ቢሆንም ለሌላው ግን ጉዳት ነው።

የአስተሳሰቡ ምንጭ የታወቀ ነው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ የማራቶንን ድል ከተቀዳጀ ወዲህ፣ በኢትዮጵያ ሩጫ የብዙ ወጣቶች ተስፋ ሆኖአል። በጎረቤት ሱዳንም እስማኤል አሕመድ እስማኤል በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ በ800 ሜትር የብር ሜዳልያ አግኝቶ ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳልያ አስገኝቶአል። ታላላቆቹ የረጅም ርቀት ሯጮች አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚሠለጥኑም አይካድም። ነገር ግን ተመልካች የሚያየው ሩጫውን እንጂ ከሩጫው በኋላ ያለውን ምግብ፣ እንቅልፍና የአሠልጣኝ ቁጥጥር አይደለም። የማታው ልምምዳቸውም ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው። ደግሞም የእንጦጦና የሱሉልታ ቀዝቃዛ አየር የገዳሪፍ አየር አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ በአርሲ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ 10 ኪሎ ሜትር፣ ሲመለስም 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ በቀን ሁለት ጊዜ ሠለጠነ ማለት ነው፤ መርሐ ግብር ያወጣለት ግን ማንም አልነበረም።

ሰውነት የሚጠነክረው በሚሠራበት ሰዓት ሳይሆን ከሥራ በኋላ ሲያርፍ ነው። በጡንቻና በጉበት ውስጥ የሚከማች «ግላይኮጅን» የሚባል ስንቅ አለ። ይህ ስንቅ በከባድ ሥራ ካለቀ በኋላ ተመልሶ እንዲሞላ በቂ ምግብና አንድ ቀን ያህል ጊዜ ያስፈልገዋል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚበላ ወጣት ጧት ሮጦ ማታ ቢደግም ብርታት አይጨምርም፤ ያለውንም ያጎድላል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ተሰደው ኡም ራኩባ መጠለያ የገቡት፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላም ከካርቱም ወደ ገዳሪፍ የሸሹት ወጣቶች ምግባቸው የተመጠነ ነበር። እንዲህ ባለ ኑሮ ላይ ያለ ሰው ስለ ሁለተኛው ልምምድ ከማሰቡ በፊት ሁለተኛውን ማዕድ ማግኘት አለበት።

ይልቁንም ይህ ምክር ፈጽሞ የማይመለከተው የቀን ሠራተኛውን ነው። በመተማ፣ በሑመራና በገዳሪፍ ሰፋፊ እርሻዎች ሰሊጥ የሚታጨደው በጥቅምትና በኅዳር ገደማ ነው። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ከደረሰ በኋላ ከዘገየ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ በአካባቢው አጠራር «ሳሉግ» የሚባለው፣ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ሌሊት ተነሥቶ ያጭዳል፤ ፀሐይ ስትከር ጥላ ፈልጎ ያርፋል፤ ሲበርድ ደግሞ እንደ ገና ጎንበስ ይላል። በዚህ ሙቀት የሚሠራ ሰው በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ላብ ሊወጣው ይችላል። በመካከለኛው አሜሪካ ብዙ የሸንኮራ አገዳ ቆራጮች በኩላሊት በሽታ ተለክፈዋል፤ ለዚህም በሙቀት ውስጥ በከባድ ሥራ መድከምና የውሃ እጦት ዋና ምክንያቶች እንደሆኑ ይታመናል። ለሳሉግ የሚያስፈልገው ውሃ፣ ጥላና ዕረፍት ነው እንጂ ተጨማሪ ሩጫ አይደለም።

በገጠር የሚኖሩ ልጃገረዶችም ከዚሁ ወገን ናቸው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ውሃ ሲሞላ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ይህን ጧትና ማታ የምትሸከም ልጅ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ብትደክም ሰነፍ ልትባል አይገባም። ወንድሟ ማታ ሁለተኛ ልምምድ ካማረው ጀሪካኑን ይቀበላት፤ ሜዳ ፍለጋ መሄድ የለበትም።

ቀኑን ተቀምጦ ለሚውለው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባለሱቁ፣ ጸሐፊው፣ የጭነት መኪና ነጂውና ተማሪው ጧትና ማታ ቢንቀሳቀሱ ይጠቀማሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ፣ ጎልማሶች ደግሞ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። አንዱ እንቅስቃሴ ቢያንስ 10 ደቂቃ ካልቆየ አይቈጠርም የሚለውን የቀድሞ ሐሳብም ትቶታል። ስለዚህ 60ው ደቂቃ ጧት 30፣ ማታ 30 ሆኖ ቢከፈል ዋጋው አይቀንስም፤ ሙቀት ለሚበዛበት አገር እንዲያውም ክፍፍሉ ይሻላል። ከምግብ በኋላ ጥቂት መራመድም በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ዝቅ ያደርጋል። በክረምት፣ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ዝናብ ጠጥቶ ጫማ በሚነቅልበት ጊዜ፣ ይህ ልምምድ በቤት ውስጥ ወይም በጥርጊያው መንገድ ላይ ቢደረግ ይበቃል።

የጾም ወራት ለብቻቸው መታየት አለባቸው። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልቀመሰ ሰው ከማፍጠሩ በፊት መሮጡ አደገኛ ነው። በምሽት፣ ምግቡ ከረጋለት በኋላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሠራ ይሻለዋል። ዐቢይ ጾምም ብዙውን ጊዜ በዚያ አገር ሙቀት ከሚበረታባቸው ወራት ጋር ስለሚገጥም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ምእመን የጧቱን ትቶ የማታውን ቢይዝ ይመረጣል።